እጀታው ላይ የነበረው ጃኬት

የኦቦ ጆቴ አስከሬን ከበቆሎው ሲወጣ ቀኝ እጃቸው ተጨብጦ ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቀና በመዳፋቸው ያገኘውን በነጭ ሳህን ላይ አኖረው። ኢንስፔክተር ኑሪያ ጎንበስ ብላ አየችው። እርስ በርሱ የተጣበቀ በቆሎ ነው። አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ አልብሶታል፤ ዝናብ የመታው ጆንያ ይሸታል።

«በምን ሞቱ?» አለች።

«በቆሎ ዋጣቸው» አለ ሐኪሙ። «አፋቸውም አፍንጫቸውም ሙሉ ነው። ሌላ ጉዳት አላየሁባቸውም።»

ኦቦ ጆቴ ወደ ኡኬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የበቆሎ ዱቄት ፋብሪካ የክምችት ኃላፊ ነበሩ። ጡረታቸው የደረሰ፣ ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማይደበቅላቸው ሽማግሌ። ትናንት ረፋድ ላይ ከብረት ወደ ተሠራው ትልቁ ጎተራ ገቡ። እሳቸው ውስጥ ሳሉ ከሥር በቆሎ የሚስበው ማሽን ተነሳና በቆሎው እንደ ወንዝ ይዟቸው ወረደ።

ሳጅን ያደታ በኮሪደሩ ይጠብቃት ነበር። «ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ማሽኑን ያስነሳችው ልጅ ሆሳዕና ትባላለች። ሰው መኖሩን ሳታጣራ ነው ቁልፉን የተጫነችው። ራሷም መጫኗን አልካደችም። ነገ ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

«አሁን የት ናት?»

«ጣቢያ። የሚጠባ ልጅ አላት፤ እሱንም ይዛው ገብታለች።»

ኑሪያ ሳህኑን ደግማ አየች። «ሰው ሲሰምጥ የጨበጠውን ጥሎ የሚይዘውን ይፈልጋል። ኦቦ ጆቴ ግን አልለቀቁም።»

«ደንግጠው ነዋ።»

«ይሆናል» አለችና ቀደመችው።

*

ሆሳዕና በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሕፃኑን አቅፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ገና የልጅ ፊት ነው፤ ዓይኖቿ ግን እንቅልፍ ካጡ ቆይተዋል።

«አገርሽ ኪራሙ ነው አሉኝ» አለች ኑሪያ፣ አጠገቧ እየተቀመጠች።

«ነበረ» አለች ሆሳዕና። «አሁን እናቴና እህቶቼ የተፈናቃይ መጠለያ ናቸው። እኔ ሥራ ሳገኝ ቤት ተከራየሁ። የልጁ አባት የለም።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ቆጣቢውን መጠበቅ ነው። ኮምፒውተሩን ነው ሠራተኛው እንዲያ የሚለው። በየጎተራው ያለውን በቆሎ ይመዝናል፣ መብራት ሲደክም ከባዱን ሞተር ያስተኛል። የወፍጮው ቋት ሲጎድል ደግሞ ሳቢውን ያስነሳል። ሳቢው ከትልቁ ጎተራ ሥር በቆሎ የሚስበው ነው። በመስመር መብራት ሲሆን ማንንም አይጠይቅም። በጄኔሬተር ሲሆን ግን ነዳጅ ስለሚበላ ሰው ያስፈቅዳል። ትናንት መብራት ሄዶ ነበር። ቋቱ ጎደለ፣ ሳቢው ይነሳ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«የሳቢው እጀታ የሚታይበት መስታወት ከጀርባዬ ነው። ተነሳሁና ዞሬ አየሁ።»

«ምን ልታዪ?»

«ጃኬት ነዋ» አለች ሆሳዕና፣ ይህን የማያውቅ ሰው ያለ ሳይመስላት። «ጎተራ የሚገባ ሰው ሳቢው እንዳይነሳ እጀታውን ወደ ታች ያወርድና የገዛ ጃኬቱን ያንጠለጥልበታል። ጃኬት ያለበትን እጀታ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካም። እጀታውን የምንቆልፍበት ጓጉንቸር ተገዝቶልን ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ይታይ ተብሎ ቢሮ መስታወት ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ።»

«ጃኬት ነበረ?»

«አልነበረም። እጀታውም ወደ ላይ ነበር። ስለዚህ ተጫንኩት።» የቀኝ እጇን ሌባ ጣት አየችው፤ የሌላ ሰው ጣት የምታይ ትመስላለች። «ጃኬታቸው ልብስ ማስቀመጫው ክፍል ተሰቅሎ ተገኘ። እሳቸው ረሱ፣ አንቺ ሳታጣሪ ተጫንሽ ይሉኛል። ኦቦ ጆቴ የሚረሱ ሰው አይደሉም፣ አዴ። እኔ ስረሳ እንኳ የሚያስታውሱኝ እሳቸው ነበሩ።»

ሕፃኑ ተነጫነጨ። ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው።

«እስር ቤት ከገባሁ ይኼም አብሮኝ ይገባል። የሚይዝልኝ የለኝም። እናቴ ራሷ በሰው እጅ ናት» አለች። ልመና አልነበረበትም፤ እንደ ነገሩ ነው የተናገረችው። ኑሪያ ልመናውን ትመርጥ ነበር። ሦስት ልጆች አሳድጋለች፤ ያልለመነ ሰው ነገር ቤቷ ድረስ እንደሚከተላት ታውቃለች።

ስትወጣ ሳጅኑን «ጃኬቱን ያነሳኸው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ። ጆቴ የሚል ስም ከተጻፈበት መስቀያ ላይ። ከሥሩ የሴት ቦርሳ ነበረ፤ እሱን ትቼ ጃኬቱን ብቻ አመጣሁ።»

«አሳየኝ።»

የቆየ ቡናማ ጃኬት ነው። ትከሻው ላይ ነጭ የበቆሎ ብናኝ ተኝቷል። ኑሪያ አንገቱን ገልብጣ ውስጡን ወደ ብርሃን አደረገችው። ጨርቁ ላይ ቀስት የመሰለ ቀይ ቅባት ታትሟል። ጃኬቱን አጣጥፋ በብብቷ ያዘች።

*

ፋብሪካው አዲስና ንጹሕ ነው። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ የቆመ ነጭ መርከብ ይመስላል። አዳራሹ ውስጥ ከጣሪያው ጥቃቅን መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ በቆሎ የሚቆጥሩ ዓይኖች ናቸው። ሰው የሚያይ አንድም ዓይን አልተተከለም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ አብይ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ተቀበላት። ሲጨብጣት እጁ ቀዝቅዟል።

«በዚህ ብርድ ያለ ኮት?» አለች።

«ላውንደሪ ነው፣ እህቴ። ኀዘንተኛ ሲመጣ ንጹሕ ሆኜ ልቀበል ብዬ።» ወንበር ሳበላት። ከጀርባው ግድግዳ ላይ፣ መብራት በመቆጠብ አንደኛ ለወጣ ፋብሪካ የተሰጠ ወርቅማ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከጎኑ የመስታወት ሣጥን አለ። በውስጡ ቀያይ ጓጉንቸሮች ከነመክፈቻቸው ተደርድረዋል።

«የሚያማምሩ ናቸው» አለች ኑሪያ።

«ከውጭ የመጡ ናቸው።»

«ማን ይቆልፍባቸዋል?»

አቶ አብይ ሳቅ አለ። «የኛ ሠራተኛ በጃኬቱ ይተማመናል። እኔ ይኼ ሁሉ በእጅ በነበረበት ጊዜ ከአሮጌው ወፍጮ ነው የጀመርኩት። ያኔም በጃኬት ነበር። ሽማግሌው ረሱ፣ ልጅቷ ቸኮለች። ምን ይደረጋል።»

«ትናንት ኦቦ ጆቴን አግኝተዋቸው ነበር?»

«ጠዋት ሰላም ተባብለናል።»

«ወደ ታችስ ወርደው ነበር?»

«አልወረድኩም። ጩኸት ስሰማ ወጥቼ ጎተራው በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ አላለፍኩም፤ ልቤ አይችልም።»

«ሳቢው ለምን በዚያ ሰዓት እንደተነሳ ኮምፒውተሩን ከፍተው ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

«እኔና ኮምፒውተሩ አልተዋወቅንም። የእሱ ቋንቋ አስተርጓሚ ሮቤራ ነው።»

ኢንጂነር ሮቤራ ፎቅ ላይ በስክሪኖች ተከቦ አገኘችው። ወጣት ነው፤ ጫማው የተወለወለ፣ ጥፍሩ ግን እስከ ሥጋው የተነከሰ።

«ከኦቦ ጆቴ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው።

«አልተጣላንም። ክርክር ነው። እሳቸው በአፍንጫቸው ያምኑ ነበር። በቆሎው ሸቷል አሉኝ። እኔ ደግሞ አሳየኋቸው።» ስክሪኑን ወደሷ አዞረ። «ትልቁ ጎተራ፤ ደረቅና ቀዝቃዛ። ማሽኑ አፍንጫ የለውም፣ አያዳላም።»

«ጎተራው እንዳይሸት የሚነፍሱ ማራገቢያዎች አሉ አይደል?»

ሮቤራ ስክሪኑን ወደ ራሱ መለሰ። «አሉ።»

«ይሠራሉ?»

«በቆሎው ደረቅ ሲሆን ቆጣቢው ያስተኛቸዋል። ሽልማቱን ያገኘነው በዚህ ነው።»

ኑሪያ ከቦርሳዋ ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከኦቦ ጆቴ መዳፍ የወጣው ሻጋታ በቆሎ ነው። ሮቤራ አየው፣ ከዚያ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ እንደገና ጥፍሩን ነከሰ። ኑሪያም አልጠየቀችውም። ዝም ያለ ሰው ሲቸኩሉበት ሌላ ውሸት ይጨምራል፤ ሲተዉት ያለውን ያወጣል።

«ሳቢው እንዲነሳ ብትፈልግ ምን ታደርጋለህ?» አለችው ብቻ።

«እኔ? እዚህ ተቀምጬ ቋቱ ባዶ ነው ብዬ እነግረዋለሁ። ከፈለግኩ ከቤቴ ሆኜ በስልኬ።»

«ሆሳዕናስ?»

«እሷም ከወንበሯ ትችላለች። ሌላ ሰው አይችልም።»

*

መካኒኩን ተረፋን ከወፍጮው ቋት ሥር አገኘችው። ሰፊ ደረት፣ የተጨማደደ ቱታ፣ ከንፈሩ ላይ በኀዘኑም ያልተወው ቀልድ።

«አካም ነጋ፣ አዴ» አለ። «እጄን አትጨብጪኝ፣ ግራሶ ነው። ፖሊስ አሻራዬን ሲፈልግ እዚህ ቤት ያልነካሁት የለም፣ ወረቀት ያልቅበታል።»

እጁ ቀይ ነው። ኑሪያ የሳቢውን እጀታ አየች። እሱም ቀይ ነው። የወፍጮው ቋት ሥር ያለው የእጅ መዝጊያም እንዲሁ።

«መቼ ቀባኸው?»

«ትናንት ጠዋት። ክረምቱ ሁሉን አዝጎ ነበር። ድሮ የምንቀባው ጥቁር ነበረ፤ ይኼ ቀዩ ትናንት ገና ሲመጣ እንደ ሙሽራ ኳልኳቸው። ከሰዓታት በኋላ ኦቦ ጆቴ...» እጁን በቱታው ጠረገ።

«ጎተራ ሲገቡ ውጭ የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም?»

«እኔ ነበርኩ።» ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «ጠዋት ወደ ቢሮ ወጡ፣ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። ተረፋ፣ ዛሬ ገብቼ በገዛ እጄ ዘግኜ አወጣዋለሁ አሉኝ። ጃኬታቸውን አውልቀው ወደ እጀታው ሲሄዱ ከቢሮ ተጠራሁ፤ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ለካ ተባልኩ። ደርሼ እመለሳለሁ አልኳቸው። ሂድ፣ ልጄ፣ ጃኬቴ ይጠብቀኛል አሉኝ።»

«ከቢሮ ማን ጠራህ?»

«በግድግዳው ስልክ ነው። ጄኔሬተሩ እየጮኸ ድምፅ አይለይም። ከቢሮ ነው አለ፣ ሄድኩ።»

ኑሪያ ወደ ወፍጮው ቋት ተጠጋች። ከሥሩ ወለሉ ላይ የበቆሎ ፍሬዎች ተበትነዋል፤ ጥግ ላይ አፋቸው ያልተሰፋ ጆንያዎች ቆመዋል።

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«የተደፋ ነው። ከአደጋው በኋላ መጥቼ ሳይ መዝጊያው አፉን ከፍቶ በቆሎው መሬት ፈሷል። በጥድፊያ መሃል አፈስኩት። ግራሶ ስላበዛሁበት የተንሸራተተ መስሎኝ ነበር።» ጭንቅላቱን አከከ። «የሚንሸራተት ነገር ግን አይደለም። ጉልበት ይፈልጋል።»

ልብስ ማስቀመጫው ክፍል ጠባብ ነው። በግድግዳው ላይ መስቀያዎች ተደርድረው ከየበላያቸው ስም ተለጥፏል። ጆቴ ከሚለው ስም ሥር የጨርቅ ቦርሳ ተንጠልጥሏል፤ ከአፉ የሕፃን ካልሲ ይታያል።

ተረፋ የኑሪያን ዓይን ተከተለ። «እሱ የኪራሙ ኤምባሲ ነው» አለ። «ሆሳዕና ስትመጣ መስቀያ አልተረፈላትም። ኦቦ ጆቴ የሳቸውን ለቀቁላት። ስሙን እንንቀለው ስንላቸው፣ ይቅር፣ ቪዛ የምሰጠው እኔ ነኝ አሉ። እሳቸው ጃኬታቸውን በዚያ በመስኮቱ ሚስማር ነበር የሚሰቅሉት። ከወር በላይ ሆነ።»

«ይኼን ማን ያውቃል?»

«እዚህ ልብሱን የሚያወልቅ ሁሉ።»

«የቢሮ ሰዎችስ?»

«እነሱ ምን ያወልቃሉ፣ አዴ?»

ኑሪያ ከፋብሪካው ወጥታ ከተማ ገባች። አንድ ላውንደሪ ጎራ ብላ ከባለቤቱ ጋር ጥቂት ተነጋገረችና የወረቀት ከረጢት ይዛ ወጣች። ሳጅን ያደታ ከመኪናው ሆኖ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ጀመርን እንዴ?» አላት።

«ላሟ ውላለች» አለች ኑሪያ። «ሆሳዕናን ከነልጇ አምጣልኝ። ሁሉም ከጎተራው ሥር ይሰብሰቡ።»

*

ዝናቡ የጎተራውን ቆርቆሮ ይደበድባል። ጎኑ ላይ፣ ሽማግሌውን ለማውጣት የተቀደደው ብረት እንደ ቁስል ተከፍቷል። አቶ አብይ እጆቹን በብብቱ ሥር ከትቶ ቆሟል። ሮቤራ ከምሰሶ ተደግፏል። ተረፋ ሆሳዕናን ሲያይ ጆንያ አጥፎ አነጠፈላትና አስቀመጣት።

ኑሪያ ቡናማውን ጃኬት ዘረጋችው።

«ኦቦ ጆቴ ጃኬታቸውን መስቀል ረሱ ተብሏል። እዚህ አንገቱ ውስጥ ቀይ ግራሶ አለ፤ ቅርጹ ልክ እንደ እጀታው ነው።» ጃኬቱን እጀታው ላይ አንጠለጠለችው። ቀስቱ ከብረቱ ጋር ገጠመ። «ቀዩ ግራሶ የተቀባው ትናንት ጠዋት ነው። ስለዚህ ጃኬቱ ትናንት እዚህ ተሰቅሏል። ኦቦ ጆቴ አልረሱም። እሳቸው ከገቡ በኋላ አንድ ሰው ጃኬቱን አነሳ፣ እጀታውንም ወደ ላይ መለሰ። ሆሳዕና ዞራ ስታይ ያየችው እውነት ነው።»

ሆሳዕና ሕፃኑን ጠበቅ አደረገችው።

«ራሳቸው ኦቦ ጆቴ አንስተውት ቢሆንስ?» አለ አቶ አብይ።

«ራሳቸው ቢያነሱት ኖሮ በመስኮቱ ሚስማር ይሰቅሉት ነበር። ያነሳው ሰው ግን ስማቸውን አንብቦ፣ ስማቸው ሥር፣ የሆሳዕና ቦርሳ ላይ ደርቦ ሰቀለው። እዚህ የሚሠራ ሰው ይህን አይሳሳትም። ተረፋ አይሳሳትም፣ ሆሳዕናም የገዛ ቦርሳዋን አትስትም። መስቀያው የማን እንደሆነ ከወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ያም የቢሮ ሰው ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሮቤራ ዞረ። ሮቤራ ከምሰሶው ተላቀቀ።

«እኔ አይደለሁም።»

«አንተ አይደለህም» አለች ኑሪያ። «ሳቢው የሚነሳው የወፍጮው ቋት ሲጎድል ነው። አንተ ብትሆን ቋቱ ጎድሏል ብለህ በስልክህ ትነግረው ነበር። አንድ ፍሬ መሬት አይወድቅም። ይህ ሰው ግን በቆሎውን መሬት ላይ ደፋው። ቆጣቢው ምን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ በራሱ ቋንቋ ሊነግረው ግን አይችልም። የሚችለው በእጅ ብቻ ነው። የእጅ መዝጊያ መክፈትን ከአሮጌው ወፍጮ ጀምሮ የለመደ ሰው ነው።»

ሳጅን ያደታ ሳይታዘዝ ወደ በሩ ሄደና ቆመ።

«ተረት ነው» አለ አቶ አብይ። «ማስረጃ የለሽም።»

ኑሪያ ከወረቀት ከረጢቱ ጥቁር ኮት አወጣች። «ወደ ታች አልወረድኩም ብለውኛል። የላውንደሪው ሰው ግራሶ በውኃ ስለማይለቅ ነገ በቤንዚን እሞክረዋለሁ ብሎ ለብቻው አስቀምጦት ነበር።» የቀኝ እጅጌውን ዳርቻ አሳየች። ቀይ ነው። «ይህ ቀለም በዚህ ቤት ከትናንት ጠዋት በፊት አልነበረም።»

አቶ አብይ ኮቱን አየ። ሊቀበላት እጁን የዘረጋ መሰለ፤ ከዚያ መልሶ በብብቱ ሥር ከተተው።

«ለምን እንደሆነ ኦቦ ጆቴ በጭብጣቸው ይዘውልናል» አለች ኑሪያ፤ ጠርሙሱን ለሮቤራ ሰጠችው። «ማሽኑ ደረቅ ነው ይላል። ሽማግሌው ከመሃሉ ያወጡት ይኸውልህ። ማሽኑ ለምን ዋሸ?»

ሮቤራ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ያዘው።

«ማሽኑ አልዋሸም» አለ። «የሙቀት መለኪያው ዘንግ ከበቆሎው መሃል መሆን ነበረበት። እኔ ነኝ ወደ ላይ የሳብኩት፣ ደረቁ ጋ። መለኪያው ደረቅ ካለ ማራገቢያው ይተኛል፣ መብራት ይቆጠባል። አቶ አብይን አይሆንም ብዬው ነበር። እስከ ሽልማቱ ብቻ ነው አለኝ። ሽልማቱ መጣ። ከዚያ ደግሞ እስከ ክረምቱ አለኝ።»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለ ተረፋ፣ ወደ መሬት እያየ።

«ማራገቢያው ቢሠራ የመብራቱ ወጪ ፋብሪካውን ይዘጋው ነበር» አለ አቶ አብይ በድንገት። አሁን የሚናገረው ለኑሪያ ሳይሆን ለሠራተኞቹ ነው። «ተረፋ፣ ልጆችህን በምን አስተማርክ? አንቺ፣ ማን ቀጠረሽ? ስንት ቤት የሚያድር መሰላችሁ በዚህ ወፍጮ? ቁጭ ብዬ ለመንኳቸው። ኦቦ ጆቴ፣ የከረመውን ከአዲሱ ጋር ቀላቅለን እንጨርሰው፣ ከዚያ ይስተካከላል አልኳቸው። ነገ በጆንያ ይዤ ጤና ቢሮ እሄዳለሁ አሉኝ። ለአንድ ጆንያ በቆሎ።»

«ለአንድ ጭብጥ» አለች ኑሪያ። «ጆንያው ላይ አልደረሱም።»

ያደታ እጁን ያዘው። አቶ አብይ አልታገለም። በበሩ ሲያልፍ ዝናቡ ሸሚዙን ወዲያው አጣበቀበት፤ ኮቱን የሚያለብሰው ሰው አልነበረም።

ኑሪያ ወደ ሮቤራ ዞረች። «ማራገቢያውን አስነሳ። ከዚያ አንተም ከኔ ጋር ትመጣለህ።»

ሮቤራ ፎቅ ወጣ። የአዳራሹ መብራት ደከም አለ፣ ትልልቆቹ ማራገቢያዎች ወራት የተኙትን እንቅልፍ እያራገፉ አጉረመረሙ። በተቀደደው ብረት በኩል ትንፋሽ ወጣ፤ የረጠበ፣ የሞቀ፣ የበሰበሰ። ተረፋ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። ኦቦ ጆቴ ብቻቸውን ሲያሸትቱት የከረሙት ሽታ አሁን ለሁሉም ደረሰ።

ሆሳዕና ተነስታ ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ነፃ ነሽ» አለቻት ኑሪያ። «ፍርድ ቤት የምትቀርቢው ለምስክርነት ብቻ ነው። ልጅሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ።»

«አዴ፣ ከዚህ ጎተራ የተፈጨው ዱቄት የትኛው ነው?»

ኑሪያ ተረፋን አየች። ተረፋ ክንዱን ከአፍንጫው አወረደ።

«የሕፃናቱ ገንፎ ነው» አለ። «ለመጠለያዎቹ የሄደው።»

«እናቴ ባለፈው እሑድ ጥሩ ዱቄት ላካችሁልን ብላኛለች» አለች ሆሳዕና። «ትንሿ እህቴ ግን አትበላም፣ ሆዴን ያመኛል ትላለች አለችኝ። እኔ ደግሞ ስልኩን ይዤ፣ ቀበጠች፣ በግድ ስጪያት አልኳት።»

ኑሪያ ስልኳን አውጥታ ጤና ቢሮ ደወለች። ጥሪው ሲነሳ ስለ ዱቄቱ ነገረቻቸው፤ ከየመጠለያው ይሰብሰብ አለች። ከዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው አብዛኛው ታድሎ ተበልቷል አላት። ይህን ለሆሳዕና አልነገረቻትም።

ሆሳዕና ልብስ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ ቦርሳዋን ጆቴ ከሚለው ስም ሥር አነሳች። ካልሲውን ወደ ውስጥ መለሰች። ለመውጣት ሲቃረቡ ኑሪያ በሩን ያዘችላት።

«የተጫንሽው ሌላ ሰው ያጠመደውን ነው» አለቻት። «ማጣራት የሚገባሽን አጣርተሻል። ይህን አትርሺ።»

«እሺ፣ አዴ» አለች ሆሳዕና። «ጣቱ ግን የኔ ነው።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሕፃኑ ነቅቶ እጁን ከመጠቅለያው አወጣና እንደ ልማዱ የእናቱን ቀኝ ሌባ ጣት ጨበጠ። ሆሳዕና ቆመች። ጣቷን ቀስ ብላ ከጭብጡ አስለቀቀች። ልጁ ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት ቦርሳውን ወደ ቀኝ ትከሻዋ አዛወረችና የግራዋን ሰጠችው።